ባዶ የተባለው መስመር

ለሠላሳ አራት ዓመታት የእኒህ ሰው ሥራ ማዳመጥ ነበር። ሌላው በእጁ ወይም በምላሱ ሲያድር እርሳቸው በጆሯቸው አደሩ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ከኮረብታው ላይ ወዳለው መሥሪያ ቤት ይገባሉ፤ ኮታቸውን ከበሩ ጀርባ ይሰቅላሉ፤ አማትበው ይቀመጡና የጆሮ ማዳመጫውን ያጠልቃሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቢጠሯቸው አይሰሙም፤ በር ቢንኳኳም አይዞሩም። በዐይን የማይታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ፣ ነገር ግን እንደ መሬት የሚከፋፈል፣ እንደ መሬትም ጠብ የሚያስነሣ ሀብት አለ፤ እርሱም የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ቢናገሩ የአንዱም ቃል አይለይም፤ ስለዚህ መንግሥት ለእያንዳንዱ የየራሱን መስመር በፈቃድ ወረቀት ይሰጣል። ማን በተሰጠው እንደ ተጠቀመ፣ ማን የጎረቤቱን ድንበር እንደ ገፋ፣ ማንስ ተቀብሎ ዝም እንዳለ ሰምቶ የሚመሰክረው አዳማጩ ነው።

ባልደረቦቻቸው «አባ ጆሮ» ይሏቸዋል። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ገና ጎልማሳ ሳሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መስመር በየቀኑ ከረፋዱ ጀምሮ እየተንጫጫ አላነጋግር አለ። መሐንዲሶቹ አንቴና ጭነው ሦስት ቀን ከተማውን ዞሩ፤ ያገኙት ነገር አልነበረም። አባ ጆሮ ሩብ ሰዓት ያህል አዳመጡና፣ «ይህ ሬዲዮ አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ነው። የሚሰፋውም ሰው ቸኩሏል» አሉ። ተሳቀባቸው። ሆኖም ከእሳት አደጋው ጣቢያ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ለማድረስ የምትጣደፍ አንዲት ልጃገረድ ከነሞተሯ ተገኘች። አባ ጆሮ ሞተሩን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በአራተኛው የመጡት ግን ስለ ሞተሩ አልነበረም። ባለቤታቸው ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ትናገራለች። «ሌላዋን ባሏ ዐይቶ ይመርጣታል፤ እኔን ግን መንግሥት በጩኸቴ ከስሶ ነው የዳረኝ» ትላለች።

ሰውየው ቃላቸው ጥቂት፣ እርምጃቸውም የተቆጠረ ነው። የሐሰት ምስክርነት በምላስ ብቻ ሳይሆን በጆሮም ይሠራል ብለው ያምኑ ነበር፤ ያልሰማውን ሰማሁ የሚልም፣ የሰማውን አልሰማሁም የሚልም በአንድ ሚዛን እንደሚመዘን። በዚህ እምነታቸው ምክንያት ለዓመታት አንድ ቁጭት በሆዳቸው አድሮ ኖረ። ትልልቅ ድርጅቶች መስመር በደርዘን እየወሰዱ፣ ወረቀቱን በካዝና ቆልፈው፣ ቃል ሳይናገሩበት ዓመት ዓመትን ይወልዳል። አነስተኛው ሰው ሲጠይቅ ግን «ቦታ የለም» ይባላል። አባ ጆሮ ስለዚህ ነገር ስድስት ጊዜ ሪፖርት ጻፉ። ስድስቱም መሳቢያ ገብተው ቀሩ።

በመጨረሻ ግን ጊዜው መጣ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከጎናቸው ተቀምጣ ማዳመጥን የተማረችው መሐንዲስ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ሆነች። በተሾመች በወሩ እነዚያን ስድስት ሪፖርቶች ከመሳቢያ አስወጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረቻቸው፤ ከእነርሱም የሞገድ አስተዳደሩን ከሥር የሚለውጥ ማሻሻያ ተዘጋጀ። ሕጉ አጭር ነበር። ድምፅ ኖሮት ወረቀት የሌለው መስመር ወረቀት ይሰጠው፤ ወረቀት ኖሮት ድምፅ የሌለው ተጠይቆ ይነጠቅ፤ ወረቀትም ድምፅም የሌለው ባዶ ተብሎ ለአዲስ ጠያቂ ይሰጥ። አባ ጆሮ ይህን ባነበቡ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ሰዓት ጠረጉት።

ባዶዎቹን የመለየት ሥራም ለእርሳቸው ተሰጠ። አንቴና የተተከለባትን መኪና ይዘው አገሩን ዞሩ፤ በእያንዳንዱም አካባቢ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ ቀን አዳመጡ። በመጨረሻም አርባ ሦስት መስመሮችን «ባዶ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ የአዳማጭነት ማኅተማቸውንም አሳረፉበት። ዝርዝሩ በየአስተዳደሩ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ሆነ። እርሳቸውም ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበርና፣ መሐንዲሷ ያዳማጮች ማሠልጠኛውን በደብተሮቻቸው እንደምታስጀምር፣ በሰው ሁሉ ፊትም እንደምታመሰግናቸው ነግራቸው ነበር።

በአንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት በራቸው ላይ ቆመች። ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ፊቷ ፀሐይ የጠገበ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ ነበር። በእጇ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች።

«ጤና ይስጥልኝ። ባዶ የሚለው ክፍል ይሄ ነው?»

«የምን ባዶ፣ እመቤቴ?»

«ወረቀቱን የለጠፈው ነዋ! አርባ ሦስት መስመር ባዶ ነው የሚል ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። አሥራ ሰባተኛው የኛ ነው። እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ከተራራው ማዶ። ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ፤ ነገ ተመለሺ እንዳይሉኝ።»

«ይቀመጡ።»

«ሁለት ቀን ተቀምጬ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ ልቁም።»

አባ ጆሮ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው መዝገቡን ገለጡ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ድሮ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ተሰጥቶ እንደ ነበር፣ ወረቀቱን የያዘው ቢሮ ከሌላ ቢሮ ጋር ሲቀላቀል ፈቃዱ ሳይታደስ እንደ ቀረ ተጽፏል። ከእርሱ ሥር የራሳቸው እጅ ጽሑፍ አለ፤ ባዶ።

«እኔ ራሴ ነኝ ያዳመጥኩት» አሉ በዝግታ። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከሸንተረሩ ላይ ሆኜ። ሰው አልነበረም።»

«ነበርን።»

«ከነበራችሁ ለምን አትናገሩም?»

ሴትየዋ ትምህርት ያልገባውን ተማሪ እንደምታይ ተመለከተቻቸው።

«እንዴ! እንዳንናገር እኮ ነው የተማርነው። ሬዲዮው ግድግዳ ላይ ሲተከል መጀመሪያ የነገሩን እሱን ነው። ‹እንዴት አደርሽ፣ ዝናብ ጣለ ወይ› ብሎ ነገር የለም። መስመሩ አንድ፣ ጣቢያው ሠላሳ አንድ። አንዷ ስታወራ ሌላዋ ደም የሚፈሳት ሴት ይዛ ትጠብቃለች። አንዲት ልጅ ነበረች፤ እጮኛዋ እኛ ጣቢያ መጥቶ በሬዲዮ ሰላም ስትለው ተሰማች። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ እስከ ዛሬ ‹ሰላምታዬ› ነው የምንላት። ዝም ማለታችን ነው ሥራችን።»

አባ ጆሮ በሕይወታቸው ሙሉ ዝም ያለን መስመር እንደ ታረሰ ነገር ግን እንዳልተዘራ መሬት ያዩ ነበር። በዝምታ የሚጠበቅ መስመር ግን አስበው አያውቁም። ለጭንቅ ቀን ክፍት ሆኖ እንዲገኝ ሠላሳ አንድ ሴቶች አፋቸውን ይዘው የሚኖሩበት ነው።

«መቼ ነበር የመጡት ለማዳመጥ?» አለች።

ወሩንና ሳምንቱን ነገሯት። ሴትየዋ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች።

«ቆይ፣ ቆይ። በዚያ ሳምንት እኮ የሸለቆዋ ልጅ፣ የዚያ ጣቢያ አዋላጅ፣ ጠርታኛለች! ዓርብ ነው፤ ጠዋት ወደ አራት ሰዓት። ‹ደም አልቆም አለ፤ መኪና ላኩ› አለችኝ፤ ‹መጣሁ› አልኳት። በቃ። ሌላ ምን ይባላል?»

«እናትየዋስ?»

«አለች። ልጇም ቆሞ ይሄዳል፤ ያውም ዶሮ ያባርራል።»

«ሌላ መስመር ቢሰጣችሁስ? ሬዲዮውን ማዛወር...»

«እሱን ጠይቄ አይቻለሁ፤ አይሆንም። ያረጁ ናቸው፤ በተሠሩበት መስመር ላይ ተቆልፈዋል። አዲስ ይገዛልን ብለን ደብዳቤ ከጻፍን አራት ዓመት አለፈን።»

አባ ጆሮ የዚያን ዓይነት ሬዲዮ ያውቁታል። አሥራ ሰባተኛው መስመር ደግሞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለአንድ የጭነት ድርጅት ሊሰጥ በጊዜያዊው ዝርዝር ላይ ሰፍሯል። ከሁለት መቶ በላይ ሾፌሮች ከማለዳ እስከ ማታ ሲነጋገሩበት የሸለቆዋ ልጅ ደካማ ድምፅ በዚያ ሁካታ መካከል ጠብታ ውኃ በወንዝ ውስጥ ነው።

«የት አርፈሻል?» አሏት፤ ሳያውቁት «አንቺ» ብለው።

«አክስቴ ቤት።»

«አትሂጂ። ሐሙስ የማሻሻያው ኮሚቴ ዝርዝሩን ለማጽደቅ ይቀመጣል። እስከዚያ ቆዪ።»

በዚያ ቀን ከወትሮው ቀደም ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ባለቤታቸው በመስኮቱ ብርሃን አንድ መጋረጃ ትዘመዝም ነበር። አባ ጆሮ ሰላምታ ሳይሰጡ ወደ ጓዳ ገብተው የሣጥኑን ክዳን ከፈቱ። ደብተሮቻቸው ሁሉ፣ የሠላሳ አራቱ ዓመት፣ ከተረፈ ጨርቅና ከክር ጥቅል ጋር በዚያ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ።

«ሰውዬ፣ ምን ጠፋህ?» አለች ከወንበሯ ሳትነሣ።

«ዓርብ ጠፋኝ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው።»

«ያለፈው ዓመት ዓርብ።»

«እሱማ ሄዷል፤ ቢያገኙትም አይመልሱትም» ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

አገኙት። ከመሬት ላይ ተቀምጠው፣ ደብተሩን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አነበቡት። የአዳማጭ ሥራ ሦስት ጊዜ መጻፍ ነው። መጀመሪያ ጆሮ የሰማውን ሁሉ በእርሳስ በደብተር ይጽፋል፤ ማታ ከደብተሩ ወደ ዕለታዊ ቅጽ በቀለም ይገለብጣል፤ በመጨረሻም የአሥራ አንዱን ቀን ቅጽ በአንድ ቃል ይደመድማል። አባ ጆሮም ራሳቸው ያወጡት፣ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ያስተማሩት አንድ ደንብ ነበራቸው፤ መብረቅም ይንኮሻኮሻል፣ የሩቅ ሞተርም ያቃስታል፣ ስለዚህ በቀን ከሠላሳ ሰከንድ ያነሰ ድምፅ ኮሽታ ይባል እንጂ አይፈረድበት። ቅጹ ላይ ያለው ዓርብ ስለዚህ ንጹሕ ነበር፤ «ኮሽታ» ይላል። መደምደሚያው ደግሞ «ባዶ» ይላል። ደብተሩ ግን በእርሳስ እንዲህ ይላል። «አራት ሰዓት ከአምስት። ኮሽታ፣ ዘጠኝ ሰከንድ። ሰው ይሆን?»

ሰው ይሆን? ብለው የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ማታውን ያንኑ ደብተር ሲገለብጡ የጥያቄውን ቃል ትተው ያለፉትም ራሳቸው ናቸው። ጆሯቸው አልሳተም ነበር። ጆሯቸው የሰማውን እጃቸው በሦስት እርምጃ አጠፋው፤ ከሰው ወደ ኮሽታ፣ ከኮሽታ ወደ ባዶ። በዚያች ዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ የአንዲት ሴት ደም ይፈስ ነበር።

ባለቤታቸው ዝምታው ስለ ረዘመባት መጋረጃውን ትታ ገባች። ደብተሩን ከእጃቸው ወስዳ አነበበችው፤ እርሳቸውም የሆነውን ነገሯት።

«ይህን ያየ ሌላ ሰው አለ?» አለች።

«የለም።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ጆሮው አይዋሽም ተባለልህ» አለች፤ ድምፅዋ ግን አሁን ቀልድ አልነበረበትም። «ሐሙስ ይህን ካወጣኸው ይህ ሁሉ ይቀራል።»

«ይቀራል።»

ደብተሩን አጥፋ መለሰችላቸው፤ ከአጠገባቸውም መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ራት እስኪደርስ ድረስ ከዚያ አልተነሡም።

በማግሥቱ ጠዋት አባ ጆሮ ደብተሩን በኮታቸው ደረት ይዘው ወደ መሐንዲሷ ክፍል ገቡ። ጠረጴዛዋ ላይ ባሉት ወረቀቶች መካከል የእርሳቸው ማኅተም ያረፈበት ዝርዝር ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዷት፤ ደብተሩንም ገልጠው አሳዩዋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አይቶታል?»

«እግዚአብሔርና ባለቤቴ።»

ሳቋ አምልጧት ነበር፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ እንደ ልጅ አድርገው ነው ያስተማሩኝ፤ ስለዚህ እንደ ልጅ ልናገር። ሐሙስ ኮሚቴው ውስጥ የትልልቆቹ ድርጅቶች ጠበቃ አለ። መስመር ቆልፈው የተቀመጡት ሁሉ የሱን አፍ ነው የሚጠብቁት። አንድ ስሕተት ቢያገኝ ‹ሁሉም ስሕተት ነው› ይላል። ማሻሻያው ይወድቃል። እርስዎ ስድስት ጊዜ የጻፉት፣ እኔ ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር ይወድቃል። ዝርዝሩ ይጽደቅ፤ ከዚያ በኋላ ለአዋላጆቹ አዲስ ሬዲዮ እንዲገዛ እኔ ራሴ እለምናለሁ።»

«መቼ ይገዛል?»

ዝርዝሩን በጣቷ ገፋ አደረገች።

«አራት ዓመት ጠይቀዋል» አሉ አባ ጆሮ። «የጭነት መኪናዎቹ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ይገባሉ። በመካከሉ የምትወልድ ሴትስ?»

«ይህን አውቃለሁ፤ አይንገሩኝ!» አለች ጮኽ ብላ፤ ወዲያውም አፈረች። «ይቅርታ። ግን ጋሼ፣ ማሻሻያውም እኮ ለሰው ነው። ሬዲዮ ጠይቀው ‹ቦታ የለም› የተባሉት አምቡላንሶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ያ ሁሉ ጠያቂ ሰው አይደለም?»

ይህ ቃል ወጋቸው፤ እውነት ነበርና። አባ ጆሮ ደብተሩን አንሥተው ወጡ። ያን ቀንና ማግሥቱን ማዳመጫቸውን ሳያጠልቁ ተቀመጡ። ሚዛኑ በሁለቱም ወገን ከባድ ነበር። በአንዱ በኩል ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት ፍትሕ፣ በሌላው በኩል ዘጠኝ ሰከንድ። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ምልክት እንዲሰጠው ይጸልያል፤ እርሳቸው ግን ምልክቱ በገዛ እጃቸው ተጽፎ በደረታቸው ኪስ ውስጥ ስለ ነበር ሌላ ለመለመን አልደፈሩም።

ሐሙስ ኮሚቴው በረጅሙ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ከዳኝነት በጡረታ የወጡ፣ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ነበሩ። በቀኝ በኩል መሐንዲሷ ተቀምጣለች፤ በግራ ጠበቃው። አዋላጇ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ዝርዝሩ ተነበበ፤ ሰብሳቢውም «አዳማጩ የሚጨምሩት አለ?» ብለው እንደ ደንቡ ጠየቁ። እንደ ደንቡ መልሱ «የለም» ነው።

አባ ጆሮ ተነሡ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ የምጨምረው የለኝም። ፊርማዬን ላነሣ ነው የቆምኩት።»

 ደብተሩን አውጥተው ዓርብን አነበቡ፤ ከዚያ ቅጹን፤ ከዚያ መደምደሚያውን። አዋላጇ የነገረቻቸውን ነገሩ። «በዚያች ዕለት የሰማሁት ሰው ነበር። ሰው ሊሆን እንደሚችልም አውቄ ነበር። ደንቡ የኔ ስለ ነበር ደንቡን አመንኩ፤ ጆሮዬን አላመንኩም።»

«ሌሎቹስ አርባ ሁለቱ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን አላውቅም። ‹አልሰማሁም› ማለት ሲገባኝ ‹የለም› ብያለሁ። አርባ ሦስቱም እንዲሁ ናቸው።»

ጠበቃው ከወንበሩ ተነሣ። ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

«ክቡር ሰብሳቢ! ምስክሩ ራሱ ‹ተሳሳትኩ› ካለ ምን ቀረን? የኔም ደንበኞች መስመራቸው ‹ዝም ብሏል› የተባለው በዚሁ ጆሮ ነው። አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይውደቅ። ሰውየውን ስለ ቅንነታቸው ከልብ አመሰግናለሁ።»

መሐንዲሷ አንገቷን ደፋች። አባ ጆሮ በሕይወታቸው ሙሉ እንደዚያ ያለ ምስጋና ሰምተው አያውቁም ነበር፤ እንደ ዘለፋም አቃጠላቸው። ገና አልተቀመጡም ነበርና ወደ ጠበቃው ዞሩ።

«ጌታዬ፣ የእርስዎን ደንበኞች ጠይቀናቸዋል» አሉ። «ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ‹መስመሩን ትጠቀሙበታላችሁ ወይ?› አልናቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው ፈርመዋል፤ ፊርማቸው በመዝገቡ አለ። መልስ ግን አልሰጡም። እነርሱ ዝም ያሉት ተጠይቀው ነው። እነዚህ ሴቶች ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ዝም አሉ ተብሎ ተጻፈባቸው። ወረቀት ያለውን ደጁ ድረስ ሄደን ጠየቅን፤ ወረቀት የሌለውን ከሩቅ አዳመጥነው። ስሕተቴ ይኸው ነው። ከዚህ አልፎ የእርስዎን ደንበኞች አይጠቅምም።»

ጠበቃው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሰብሳቢው እጃቸውን አነሡ።

«ይበቃል። ሰምቻለሁ» አሉ። መዝገቡ እንዲመጣላቸው አዘዙ፤ የሦስቱን ደብዳቤዎች ፊርማ አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከአጠገባቸው ካሉት ጋር በዝቅተኛ ድምፅ ተመካከሩ። ከዚያም ውሳኔውን ተናገሩ። ተጠይቀው ዝም ያሉት መስመሮች በማሻሻያው መሠረት ይነጠቃሉ። አርባ ሦስቱ ባዶዎች ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ በሦስት ወር ውስጥ በየአካባቢው ሰው እየተጠየቀ ካልተረጋገጠ በቀር አንዱም ለማንም አይሰጥም። አሥራ ሰባተኛው መስመር ለጤና ጣቢያዎቹ በወረቀት ይጻፍ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ አባ ጆሮ ዞሩ።

«ስለ እርስዎ ደግሞ» አሉ፤ «ደንቡን ያውቁታል። ያላረጋገጠውን የመሰከረ አዳማጭ ከዚያ በኋላ አይፈርምም። ይህን ማለት ለኔም ከባድ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

አባ ጆሮ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ እጀታው በእጃቸው ላብ የጠቆረውን ማኅተም አውጥተው በጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት። ጡረታቸው ሊደርስ ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስለ ማሠልጠኛውና ስለ ምስጋናው በዚያ ዕለትም ከዚያ በኋላም ማንም አላነሣም።

ኮሪደሩ ላይ አዋላጇ ብድግ አለች።

«ተሰጠን?»

«አልተነጠቃችሁም። ወረቀቱም ይጻፋል።»

«እርስዎስ? ፊትዎ ልክ አይደለም።»

«እኔ ደኅና ነኝ፤ ልጄ። ሂጂ፤ አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ።»

እጃቸውን ይዛ አጥብቃ ጨበጠችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቃል መቆጠብ ለምዳለችና።

መሐንዲሷ ከአዳራሹ የወጣችው ከሁሉ በኋላ ነበር። በአጠገባቸው አለፈች፤ ጥቂት ሄዳም ቆመች፤ ተመለሰች። ዐይኖቿ ቀልተው ነበር።

«ተናድጃለሁ፣ ጋሼ። ልዋሽዎት አልችልም። ሦስት ወር አስረዘሙብኝ፤ በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ጠበቃው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስልዎታል?»

«አይቀመጥም።»

«እንግዲያው እኛም አንቀመጥም። ከሰኞ ጀምሮ መኪናው ላይ ነዎት። መፈረም አይችሉም፤ ባልደረባዎ ይፈርማል። እርስዎ ይጠይቃሉ። አርባ ሁለት ቦታ።»

«ጡረታዬስ?»

«ጡረታዎ ይጠብቃል። እኔን ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ አትፍረጂ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ራስዎ ያበላሹትን ራስዎ ያቅኑት» አለች፤ ይህን ስትልም የድሮዋ ተማሪ ፊት ለአንድ አፍታ ታየባት።

እንዲህም ሆነ። ባልደረባቸው ለሃያ ዓመት ከጎናቸው የተቀመጠ ወፍራም ሰው ነው፤ በማዳመጥ ጎበዝ፣ በመራመድ ግን ሰነፍ። በሁለተኛው ሳምንት ከዝርዝሩ ሦስተኛ የሆነውን መስመር ፍለጋ መኪናው ከማይደርስበት ኮረብታ ላይ ወጡ። ድሮ የደን እሳት ጠባቂዎች የሚጠሩበት መስመር ነበር። በጫፉ ላይ ባለች የድንጋይ ቤት አንድ አረጋዊ ጠባቂ ተቀምጠው መጫሚያቸውን ይጠግናሉ።

«ሬዲዮ ነበራችሁ፣ አባቴ?» አሉ አባ ጆሮ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«ነበረን። መብረቅ በላው። አሁን በስልክ ነው የምንጠራው፤ እዚያ ጥግ ላይ ቆመህ፣ አንድ እግርህን ካነሣህ ይሠራል።»

«መስመሩን ትፈልጉታላችሁ?»

«ለምን ብለን? ያሻው ይውሰደው።»

ወፍራሙ ባልደረባ ድንጋይ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ቅጹን አወጣ፤ ብዕሩንም ከፈተ። አባ ጆሮ ግን አልተቀመጡም።

«ሌላ የሚጠቀምበት ሰው ያውቃሉ፣ አባቴ?»

አረጋዊው ወስፋቸውን አቁመው ወደ ሸለቆው ማዶ አሻግረው አዩ። ከሩቅ ነጭ የድንጋይ ካባ ይታያል፤ ከዚያም ወዲህ የሚወርድና መልሶ የሚወጣ ቀጭን መንገድ አለ።

«እነዚያ ድንጋይ ፈላጮች ሬዲዮ አላቸው መሰለኝ። ፈንጂ ሊያፈነዱ ሲሉ የሚጠራሩበት። ከኛው ጋር የሚደራረብ ይሁን አይሁን ግን እንጃ።»

ባልደረባቸው ወደ መንገዱ አየ፤ ወደ ሆዱ አየ፤ ወደ አባ ጆሮም አየ።

«አባ ጆሮ፣ በፈጠረህ! ሰውየው ‹መሰለኝ› ነው ያሉት።»

«እኔም መስሎኝ ነበር» አሉ አባ ጆሮ፤ ኮታቸውንም አውልቀው በክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉና ቁልቁለቱን ጀመሩት።